የሟቹ ካርድ በየትኛው በር ወጣ?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሞጣ ነው። አባቴ ጥቅምት 2016 ላይ አረፈ። ግንቦት 2014 ከተማ ያለውን ቤት ለእኔ ተናዞልኝ ነበር። ስድስት ዓመት ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ከሌላ እናት የሚወለዱት ወንድሞቼ ኑዛዜው ይፍረስ ብለው ከሰሱኝ። ባለፈው ቀጠሮ የአባቴን የሆስፒታል ካርድ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አያይዘው አቀረቡ። የታኅሣሥ 2015 ገጽ ነው። አስተርጉሜ ሳየው ‹ይረሳል፣ ግራ ይጋባል፣ ሌሊት ይቃዣል› ይላል። ታላቅየውን አያ እያልኩ ነው ያደግኩት። ካርዱን ከየት አገኘው? የሰው ምስጢር ሲሞት እንዲህ ይበተናል ወይ? ዳኛውስ ይቀበለዋል?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። ስድስት ዓመት ማስታመም ቀላል ነገር አይደለም። ያንን የሚመሰክር ጎረቤት አያጡም፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

ባጭሩ ልመልስ። የአባትዎ ምስጢር ከአባትዎ ጋር አልተቀበረም። ሐኪሞች የሚምሉበት የጄኔቫ ቃለ መሐላ ታካሚው ከሞተ በኋላም ቢሆን ምስጢሩን እጠብቃለሁ ይላል። ግን ጨርሶ የማይከፈት ሣጥንም አይደለም። ዳኛ ያስከፍተዋል። ወንድሞችዎ በራሳቸው አያስከፍቱትም። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማጣራው ያ ገጽ በየትኛው በር እንደወጣ ነው።

በሮቹን ከማሳየቴ በፊት ስለ ካርድ ክፍል ትንሽ ላውራ። ሕግ ከመማሬ በፊት አራት ዓመት ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ፤ እዚሁ ጎጃም፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ። ካርድ ክፍልን የማያውቅ የለም። ትንሽ መስኮት፣ ከመስኮቱ ፊት ረጅም ሰልፍ፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ። ካርድ ሲወጣ በቦታው «ትሬሰር» የምንላት ካርቶን ትገባለች። የካርዱ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ወደየትኛው ክፍል እንደሄደ ይጻፍባታል። ደንቡ ይሄ ነው። የገበያ ቀን ሰልፉ ግቢውን ሲሞላው ግን ትሬሰር ትዝ የሚለው የለም። «ወንድሜ፣ የእከሌን ካርድ አውጣልኝ፣ ቤተሰብ ነኝ» ያለ ሁሉ ካርዱን ይዞ ይሄዳል።

እኔም አጥፍቻለሁ። አንድ ቀን በደንብ የማውቃቸው ሰውዬ መጡ። «የልጅቷ ሪፈር ሊጻፍ ነው፣ ካርዷን ስጠኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መለሱልኝና አመስግነው ሄዱ። አባቷ መስለውኝ ነበር። ለካ ልጃቸውን ሊድሩላት ያሰቡ አማች ናቸው። ካርዱ ላይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንደምትወስድ ተጽፏል። ሠርጉ በሳምንቱ ፈረሰ። ልጅቷን ከዚያ በኋላ መስኮቱ ጋ አይቻት አላውቅም፤ መድኃኒቷን ከየት እንደምትወስድ እንጃ። ማንም አልከሰሰኝም። ማንም አልጠየቀኝም። ይሄን የምነግርዎ ለራሴ ንስሐ ብዬ ብቻ አይደለም። የአባትዎም ካርድ እንደዚያ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ከላይ እንጀምር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ይሄ መብት ሊገደብ የሚችለው በዝርዝር ሕግ፣ አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ለተወሰኑ ዓላማዎች ብቻ ነው ይላል፤ ከዓላማዎቹ መካከል ጤናን መጠበቅ፣ ወንጀልን መከላከልና የሌሎችን መብት መጠበቅ አሉበት። ቀጥሎ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይመጣል። አንቀጽ 399 ሐኪሙን፣ ፋርማሲስቱን፣ አዋላጇን፣ ነርሷን፣ ረዳት የሕክምና ሠራተኛውን ጭምር በሙያው ያወቀውን ምስጢር እንዳያወጣ ይከለክላል። ሥራውን ከለቀቀ በኋላም ያስጠይቀዋል። (ከጎኑ የሃይማኖት አባቶችና እኛ ጠበቆችም አለንበት። ብዙ ጠበቃ ይሄን ይረሳል።) በቅርቡ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት፣ ማለትም ከስሱ መረጃዎች ጎራ አስገብቶታል።

አሁን በሮቹ። አንቀጽ 399ን ተከትሎ አንቀጽ 400 አለ። ምስጢሩ መቼ ቢወጣ እንደማያስቀጣ የሚናገረው እሱ ነው። የምስጢሩ ባለቤት ከፈቀደ፤ ባለሙያው ራሱ ጠይቆ የሙያው ተቆጣጣሪ አካል ከፈቀደለት፤ ፍርድ ቤት በግልጽ ካዘዘ፤ ወይም ሌላ ሕግ ተናገር የሚል ግዴታ ካለበት። ከነዚህ ውጭ በር የለም። «ቤተሰብ ነኝ» የሚል በር የለም። «ሰውየው ሞቷል» የሚል በርም የለም።

ወንድሞችዎ ሊሉ የሚችሉትን ከወዲሁ ልንገርዎ። «ወራሽ ነን፣ የአባታችን ነገር የኛ ነው» ይላሉ። በየችሎቱ የሰማሁት ክርክር ነው። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 826 ወደ ወራሽ የሚተላለፈው በሞት የማይቋረጥ መብትና ግዴታ ነው ይላል። ቤት ይወረሳል። ዕዳ ይወረሳል። ሰው ለሐኪሙ በሹክሹክታ የነገረው ነገር እንደ በሬ ለልጆች የሚከፋፈል ውርስ ነው የሚል ካለ ያሳየኝ። በእኔ እምነት አይደለም።

የፍርድ ቤቱን በር ግን አቅልለው አይዩት። ሰፊ ነው፤ ሰፊ መሆኑም ትክክል ነው። ተከራካሪ በእጁ የሌለ ማስረጃ ሲኖረው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 223 በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ «እከሌ መሥሪያ ቤት ይገኛል» ብሎ እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። ከዚያ በአንቀጽ 145 ፍርድ ቤቱ ያስቀርብልኝ ብሎ ይጠይቃል። ዳኛው ካመነበት ለሆስፒታሉ ትእዛዝ ይጽፋል። ሆስፒታሉ በሸኚ ደብዳቤ፣ በማኅተም፣ በመዝገብ ቁጥር ለፍርድ ቤቱ ይልካል። ለተከራካሪው እጅ በእጅ አይሰጥም። እንዲህ ከመጣ ሐኪሙም፣ ካርድ ሠራተኛውም አይጠየቁም፤ እርስዎም ምስጢር ወጣ ብለው መክሰስ አይችሉም።

ስለዚህ አያን ሌባ ከማለትዎ በፊት መዝገብ ቤት ይሂዱ። የክርክሩን መዝገብ አስወጥተው ይዩ። ለሆስፒታሉ የተጻፈ ትእዛዝ አለ ወይ? የሆስፒታሉ ሸኚ ደብዳቤ አለ ወይ? ካለ ነገሩ አልቋል፤ በዚህ በኩል የሚከራከሩበት የለም። እንዳሉኝ ከሆነ ግን ያያያዙት እነሱ ናቸው፤ ያውም ፎቶ ኮፒ፣ ያውም አንድ ገጽ። ይሄ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ውጤት አይመስለኝም። ትእዛዝ ቢሆን ሙሉው ነበር የሚመጣው።

ትእዛዝ ከሌለስ ዳኛው ኮፒውን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል? እዚህ ላይ ሐቁን ልንገርዎ። በፍትሐ ብሔር ክርክር ላይ «በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ ሁሉ ውድቅ ነው» የሚል ጥርት ያለ አጠቃላይ ድንጋጌ የለንም። ፊልም ላይ የምናየው የሌላ አገር ነው። ተቃውሞ ማቅረብ ግን አለብዎት፤ ያውም በመጀመሪያው አጋጣሚ፣ በጽሑፍ። «ይህ ገጽ በባለቤቱ ፈቃድ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ አልወጣም፤ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 399 የጣሰ ነው፤ በተጨማሪም ከሙሉው ተቆንጥሮ የቀረበ ነው» ይበሉ። ዳኛው ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንድም አይቀበለውም። አንድም «እንግዲያውስ ዋናው ከሆስፒታሉ በቀጥታ ይምጣ» ብሎ ያዛል።

እና እህቴ፣ ሁለተኛውን አይፍሩት። እንዲያውም እርስዎ ራስዎ ቢጠይቁት ደስ ይለኛል።

ለምን? ቀኑን ይዩ። ኑዛዜው ግንቦት 2014 ነው። ገጹ ታኅሣሥ 2015። በመካከሉ ሰባት ወር አለ። ኑዛዜ የሚመዘነው በተሰጠበት ጊዜ በነበረው አእምሮ ነው። ከሰባት ወር በኋላ መርሳቱ ግንቦት ላይ መርሳቱን አያሳይም። ደግሞም ያ ገጽ የተጻፈው ለምን ነበር? ሽማግሌ ሰው ትኩሳት ሲይዘው፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሲኖርበት፣ ውኃ ሲያጥረው ለጥቂት ቀን ግራ ይጋባል፤ ሌሊት ይቃዣል። ሲታከም ይመለሳል። ቀጣዩ ገጽ ላይ «ተሻለው፣ ወደ ቤቱ ተሸኘ» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ወንድሞችዎ ያንን ገጽ ለምን አላመጡትም?

አንድ የካርድ ክፍል ሰው ምክር ልጨምርልዎ። ሐኪሞቻችን ካርድ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። የምርመራው መጨረሻ አካባቢ «ሲኦቲፒፒ» (COTPP) የምትል አምስት ፊደል ትኖራለች። ሕመምተኛው ነቅቷል፣ ጊዜውን፣ ቦታውንና ሰውን ለይቶ ያውቃል ማለት ነው። በ2014 በተጻፉት ገጾች ላይ እሷን ፈልጉ። ሚያዝያ ወይም ሰኔ ላይ ለደም ግፊት ክትትል ሄዶ ከነበረና ያቺ ምልክት ካለች፣ ከአሥር ምስክር ትበልጣለች።

ሕጉም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ ሰውን «አብዶ ነበር» አያሰኝም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ «በግልጽ የታወቀ እብደት» የሚለውን ቃል ሲፈታ፣ አንቀጽ 341 ላይ ሰውየው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በእብዶች መጠበቂያ ተኝቶ የቆየበትን ጊዜ ያነሳል። አንቀጽ 342 ደግሞ ከሁለት ሺህ ሰው በታች የሚኖርበት የገጠር ቀበሌ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በአእምሮው ሁኔታ የተነሳ የሚጠብቀው፣ ወዲያ ወዲህ እንዳይል የሚከለክለው ሰው ነው ይላል። ሕጉ የ1952 ነው፤ ቋንቋው ዛሬ ጆሮ ይሻክራል። ግን መልእክቱ ይገባል። ሕጉ ያየው ጎረቤት የሚያውቀውን፣ የሚታየውን ነገር ነው። አንድ ሐኪም አንድ ቀን «ይረሳል» ብሎ መጻፉ እዚያ አያደርስም። ጎረቤት ያስፈልግዎታል ያልኩት ለዚህ ነው። አባትዎ ግንቦት 2014 ላይ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር? እድር ላይ ይሰበሰቡ ነበር? ከነጋዴ ጋር ዋጋ ይከራከሩ ነበር? የኑዛዜው አራት ምስክሮች በሕይወት አሉ? እነሱን ይያዙ።

ብዙ አንባቢ ይሄን አጋጣሚ ይዞ ሌላ ስለሚጠይቀኝ፣ ከእርስዎ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ ሌሎቹ በሮች ላንሳ።

ፖሊስ ካርድ ይዞ መሄድ ይችላል ወይ? ሰው ተደብድቦ ሲመጣ ፖሊስ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሐኪሙ መርምሮ የሕክምና ማስረጃ ይሰጣል። ይሄ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 ያለ ነገር ነው። ተጠርጣሪውን ፖሊስ ሊያስመረምር ይችላል፤ ደም መውሰድንም ይጨምራል። ተጎጂውን ለመመርመር ግን የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሕፃን ከሆነ ወይም መፍቀድ የማይችል ከሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳሪ። ሐኪሙ የሚጽፈውም ስለ ጉዳቱ ነው። የተደበደበችው ሴት ከሦስት ዓመት በፊት ስለምን እንደታከመች የፖሊስ ጥያቄ አይደለም። ያንን ከፈለገ ፍርድ ቤት ሄዶ ያሳዝዝ።

በሽታ ሲከሰት ደግሞ ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን ሪፖርት ያደርጋል። ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ ወዲያውኑ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከሚነገሩት ናቸው። ያበደ ውሻ ልጅ ነክሶ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «የልጁ ምስጢር ነው» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። ውሻው ሌላ ሰው ነክሶ ይሆናል። ግን ሪፖርቱ ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ነው የሚሄደው። ወደ ቀበሌ ስብሰባ አይደለም። ስም እየጠሩ «እከሌ ቤት በሽታ አለ» ማለት ሪፖርት ሳይሆን ሐሜት ነው።

የጤና መድንም አለ። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር። ዛሬ ብዙ ገበሬ የመድን ደብተር አለው። ደብተር ያለው ሰው ማወቅ ያለበት ነገር፣ መድኑ ለሆስፒታሉ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ካርዶችን አውጥቶ ያመሳክራል። ይሄ አስፈላጊ ነው፤ ያልታከመ ሰው ታከመ ተብሎ ገንዘብ እንዳይወጣ። ካርዱን ያየው ኦዲተር ግን ምስጢሩን ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ቡና ላይ የሚያወራው ነገር አይደለም።

አሠሪ? የሐኪም ፈቃድ ወረቀት «ለአምስት ቀን ዕረፍት ያስፈልገዋል» ማለቱ ይበቃዋል። የበሽታውን ስም አሠሪው የማወቅ መብት አለው ብዬ አላምንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ቢሆን አሠሪ ሠራተኛውን በቂ ምክንያት ሲኖረው ሊያስመረምር ቢፈቅድም የኤችአይቪ ምርመራን ለይቶ አውጥቶታል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ትእዛዝ ሳይኖር ካርዱ ከወጣ ማንን ይጠይቃሉ? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወንጀል ነው። የአንቀጽ 399 ወንጀል በግል አቤቱታ የሚታይ ነው፤ ፖሊስ በራሱ አይጀምረውም። አቤቱታው የሚቀርበው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ አለፈ። በዚህ ላይ «የምስጢሩ ባለቤት አባትየው ነበሩ፣ ልጅ ስለ ሟች ምስጢር አቤት ልትል ትችላለች ወይ?» የሚል መቃወሚያ እንደሚነሣ ይጠብቁ። ይሄ የሚያከራክር ነገር ነው። እኔ አቤት ማለት ትችላለች እላለሁ፤ ሁሉም ዐቃቤ ሕግ ግን እንደኔ አያስብም።

ሁለተኛው መንገድ አስተዳደራዊ ነው፤ ለእርስዎ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ያመልክቱ። «የአባቴ ካርድ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ለማን፣ በማን ፈቃድ፣ በምን ደብዳቤ ወጣ?» ብለው ይጠይቁ። ማመልከቻዎ ላይ የገቢ ቁጥር ያስመቱ፤ ኮፒው በእጅዎ ይቅር። መልስ ካጡ ወደ ዞኑ ጤና መምሪያና ወደ ክልሉ ጤና ቢሮ ይሂዱ። የጤና ባለሙያን ሥነ ምግባር የሚያይ ኮሚቴ አለ። ሰጪው የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በዲሲፕሊንም ይጠየቃል።

ሠራተኛውን ለማስቀጣት ብቻ ብለው ግን አይሂዱ። ምናልባት እንደኔ ያለ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ይሆናል፤ ሰልፉ ያስጨነቀው፣ «ቤተሰብ ነኝ» ያለውን ያመነ። የሚፈልጉት መልሱን ነው። «ያለ ትእዛዝ የወጣ ነው» የሚል የሆስፒታሉ ደብዳቤ ችሎት ላይ ቢቀርብ፣ ወንድሞችዎ ስለ ኑዛዜው ከመናገራቸው በፊት ስለ ራሳቸው ማስረዳት ይጀምራሉ።

ሌላም ነገር አለ። ሙሉው ካርድ ይምጣ ሲባል የአባትዎ ሌላም ነገር አብሮ ይመጣል። ሰው በስድስት ዓመት ሕክምና የማይናገረው የለም። ስለዚህ ትእዛዙ እንዲለካ ይጠይቁ። ለምሳሌ «ከመጋቢት 2014 እስከ ነሐሴ 2014 ያለው የአእምሮ ሁኔታን የሚመለከተው ክፍል ብቻ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ለዳኛው ይቅረብ»። ከታኅሣሡ ገጽ ጋር የተያያዘው የመኝታ ሕክምናም ይጨመር ማለት ይችላሉ። ዳኛው ጉዳዩን በዝግ ችሎት እንዲያየው መጠየቅም ይቻላል። አባትዎ በሕይወት ቢኖሩ የሚጠይቁት ይሄን ይመስለኛል።

ለአሁኑ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት መዝገቡን ያስገልብጡ። ያያያዙትን ኮፒ በስልክዎ ያንሱት፤ ጀርባውንም ጭምር። ማኅተም አለበት? የቀን ምልክት አለበት? ጥጉ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አለ? እሱን ጻፉልኝ። ቁጥሩ የካርዱ ከሆነና የወጪ ቁጥር ከሌለው፣ በመስኮት ነው የወጣው።